የከበሮው ተራ ሲደርስ

ዘፋኟ ድምጿን ሰብስባ ከጎኗ ለተቀመጠው ከበሮ መቺ በእጇ ምልክት ስትሰጠው፣ አዳራሹ ውስጥ ወንበሮች መንኳኳት ጀመሩ።

ያዚኒ ይህን ድምፅ ታውቀዋለች። በታኅሣሥ ወር፣ በሕንዷ ቼናይ የሙዚቃ ወቅት፣ በየትኛውም አዳራሽ፣ ከበሮ መቺው ለብቻው የሚጫወትበት ሰዓት ሲደርስ ግማሹ ሰው ተነስቶ ዶሳ የሚባለውን ቀጭን የሩዝ ቂጣ ሊበላ ወደ ምግብ ቤቱ ይሄዳል። ማንም እንደ ነውር አይቆጥረውም።

«ተነሺ እንጂ» አለቻት የክፍሏ ልጅ ማዱሚታ፣ በክርኗ ጎሸም አድርጋ። «ካልፈጠንን ዶሳው ያልቃል።»

«ትንሽ ብንቆይስ?»

«ለዚህ? ባክሽ ፋራ አትሁኚ።»

የማዱሚታ አክስት ቦርሳቸውን ይዘው ቆመዋል። «አምላክ የከበሮውን ሰዓት የፈጠረው ሰው ዶሳ እንዲበላበት ነው» አሉ። አጠገባቸው ያሉት ሳቁ። ያዚኒም ሳቀች።

መድረኩ ላይ ያለው ከበሮ መቺ አባቷ ነበር።

ማዱሚታ ይህን አታውቅም። ያዚኒ ገና ሲጀመር ልትነግራት አፏን ከፍታ ነበር። አክስትየዋ ግን ቀደሟትና «ይሄ ደግሞ ማነው? ሸሚዙን እዪልኝ፣ ተውሶ የመጣ ይመስላል» ብለው አንሾካሾኩ። ሸሚዙ በእርግጥም የጎረቤት ነበር። ያዚኒ አፏን መልሳ ዘጋች። ከዚያ በኋላ ደቂቃው በገፋ ቁጥር መናገሩ እየከበዳት ሄደ።

አባቷ ኤዙማላይ ሃያ ዓመት በየሠርጉና በየትንንሹ ቤተ መቅደስ ሲመታ ኖሮ፣ እዚህ አዳራሽ ሲጠራ ይህ የመጀመሪያው ነው። ለብቻው የሚጫወተው አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው። ሦስተኛውን ረድፍ የመረጠላት እሱ ራሱ ነበር። «እዚያ ከሆንሽ አይሻለሁ። እጅሽ ሲቆጥር ሳይ ልቤ ይረጋል» ብሏታል። መዳፍ፣ ትንሿ ጣት፣ የቀለበት ጣት፣ የመሃል ጣት። ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ምቱን ጭኗ ላይ እየቆጠረችለት ነው ያደገችው።

ተነሳች። ወደ መድረኩ ሳታይ፣ በአክስትየዋ ጀርባ ተከልላ ወጣች።

ምግብ ቤቱ ከአዳራሹ ኋላ የተተከለ ድንኳን ነው። ዘፈኑ ሲመለስ ሰዉ እንዲያውቅ ምሰሶው ላይ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሏል። ማዱሚታ በሒሳብ አስተማሪያቸው ሙድ እየያዘች ትበላለች፣ አክስትየዋ ቅቤው አነሰ ብለው ከአስተናጋጁ ጋር ይከራከራሉ። ያዚኒ የምትሰማው ከበሮውን ብቻ ነበር። በዝግታ ጀመረ። ከዚያ ወር ሙሉ በየጠዋቱ የተለማመደው ቦታ መጣ፤ ምቱ ከአምስት ወደ ሰባት፣ ከሰባት ወደ ዘጠኝ የሚያድግበት። በሱ የተነሳ ጣቱ ተሰንጥቆ በፕላስተር ጠቅልሎታል። እናቷ «ይሄን ሁሉ ማን ሊሰማልህ ነው?» ስትለው፣ «ያዚኒ ትሰማዋለች» ነበር ያላት።

«እጅሽ ምን ሆነ?» አለች ማዱሚታ።

ያዚኒ ዝቅ ብላ አየች። ቀኝ እጇ ጠረጴዛው ላይ በራሱ እየቆጠረ ነበር። ጠረጴዛው ሥር ደበቀችው። ዶሳዋ ሳይነካ ቀዝቅዟል።

ከድምፅ ማጉያው ጭብጨባ መጣ። የግማሽ አዳራሽ ጭብጨባ፣ ሳሳ ያለ።

ኮንሰርቱ ሲያልቅ ማዱሚታን «መጣሁ» ብላ ወደ መድረኩ ጀርባ ሄደች። አባቷ ወለሉ ላይ ተቀምጦ፣ ድምፁን ለማወፈር ከከበሮው ግራ ፊት የተለጠፈውን ሊጥ በጥፍሩ ይፍቃል።

«እንዴት ነበር?» አላት፤ እንደ ልጅ ነበር የጠየቃት።

«ጥሩ ነበር አባዬ።»

«ዘጠኙ ላይ አልፈጠንኩም?»

«አልፈጠንክም።»

ፊቱ በራ። «ስፈልግሽ አጣሁሽ እኮ። ሰዉ ሲነሳ ከለለሽ መሰለኝ። ወይስ አየር ማቀዝቀዣው በርዶሽ ወደ ኋላ ሄድሽ?»

ሁለት መልስ አዘጋጅቶ ሰጣት። አንዱን ማንሳት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። ያምናታል። ስኩተሩ ላይ ሆኖ እስከ ቤት ድረስ ስለ ዘጠኙ ያወራላታል፤ እናቷንም «አላልኩሽም?» ይላታል። ያዚኒ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ።

«አልከለሉኝም» አለች። «ምግብ ቤት ነበርኩ። ከክፍሌ ልጅ ጋር። አባቴ ነው አላልኳትም።»

ጥፍሩ ሊጡ ላይ ቆመ። «ዶሳው ጥሩ ነበር?» አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣም ቀልድም አልነበረም።

«አልበላሁትም።»

ራሱን ነቀነቀና ወደ ሊጡ ተመለሰ። ግድ የለም አላላትም። ያዚኒ ቢቆጣት በወደደች።

መጋረጃው ተገለጠ። «አንቺ እዚህ ነሽ እንዴ?» አለች ማዱሚታ። «መኪናው በር ላይ ቆሟል፣ እናደርስሻለን። አክስቴ ደግሞ መጮህ ጀምራለች።»

ኤዙማላይ ቀና አላለም። ትንሽ ፈቀቅ ብሎ፣ ጭራሽ እንደማያውቃት ሰው ጀርባውን ሰጣቸው። ከጓደኛዋ ፊት እንዳታፍር ብሎ እንዳደረገው ያዚኒ ገባት። እግሯ ግን ከቦታው አልተነሳም።

«እናንተ ሂዱ» አለች። «እኔ የምሄደው ከአባቴ ጋር ነው።»

ማዱሚታ ሰውየውን አየች፣ ከበሮውን አየች፣ ከዚያ ያዚኒን። «ቅድም... እሱ?»

«አዎ። እሱ ነው።»

ያዚኒ ከአባቷ ጎን ቁጢጥ ብላ፣ ከበሮው የሚገባበትን የጨርቅ ከረጢት አፍ በሁለት እጇ ከፍታ ያዘችለት።