እሬቱን የላሰችው ልጄ

ያመነ ይመን፣ ያላመነ ይለፈው። እኔ ግን ወላሂ፣ በዚህ ዓይኔ ነው ያየሁት...

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ እዚሁ ቤቴ ውስጥ። ከዙሁር ሶላት በኋላ፣ በጠራራ ፀሐይ።

ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። አንድ የምርምር ቤት ውስጥ የአይጦች ሳጥን አጥባለሁ። ከስምንተኛ ክፍል ስላቋረጥኩ እዚያ እንደ ሰው የሚቆጥረኝ የለም።

አንድ ቀን ነጫጮቹ አይጦች መራራ ውሃ እንደ ማር ሲልሱ አየሁ።

«ዶክተር ጸጋው፣ አይመራቸውም እንዴ?»

«ምላሳቸው ላይ ጣዕም የሚለየው እንቡጥ አልበቀለም። ጂናቸው ተቀይሮ ነው።»

«አዑዙ ቢላህ!» ብዬ ባልዲውን ለቀቅሁት።

እሱም ሌሎቹ ሠራተኞችም ሳቁብኝ። ለካ እሱ የሚለው ከወላጅ የሚወረሰውን ዘር ነው። እኔ የማውቀው ጂን ግን አንድ ነው... ከዚያ ወዲህ ስሜ «ጂን አባራሪው» ሆኖ ቀረ። አልረሳሁላቸውም።

ነገሩ ቤቴ ውስጥ በሆነ ቀን ባለቤቴ ሁስኒያ ልጃችንን ዚክራን ጡት ልታስጥላት ነበር። ሁለት ዓመት ሞልቷታል። እንደ ደንቡ ጡቷን እሬት ቀባች።

ልጅ እሬት ሲቀምስ ይጮኻል። ይተፋል።

ዚክራ ግን... ጠባች።

ረጋ ብላ። ዓይኗን ጨፍና።

«የዚክራ አባት...» አለች ሁስኒያ በሹክሹክታ። «አልተፋችውም።»

«አሳንሰሽ ቀብተሽ ነዋ።»

ወፈር አድርጋ ደገመች። ዚክራ ላሰችው። ከዚያ እጇን ወደ ብልቃጡ ዘረጋች።

«እማ... ጨምሪ።»

መራራ የማታውቅ ልጅ ያገኘችውን ሁሉ ትውጣለች። መርዝም ቢሆን!

ኩራቴን ውጬ ለጸጋው ደወልኩ።

«ከአይጥ ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ጂን አባራሪው!»

ከኋላው ሌሎቹም ሲንከተከቱ ሰማሁ።

«ምን አለህ?» አለች ሁስኒያ።

«ምንም። እሬቱ አርጅቶ ይሆናል።»

ጣቴን ነክሬ ቀመስኩት።

ውሃ... ምንም አይልም።

«አየሽ? አልሐምዱሊላህ፣ አርጅቷል!»

እሷም ቀመሰች። ገና ምላሷን ሲነካት አንገሸገሻት። አፏን ይዛ ወደ ደጅ ሮጠች።

ስትተፋ ይሰማኛል። ስትተፋ... ስትተፋ...

«የዚክራ አባት» አለች ከደጅ፣ ድምጿ እየተንቀጠቀጠ። «አንተ... እንዴት ቻልከው?»

ጣቴን ደግሜ ነክሬ ላስኩ፤ አሁንም ውሃ።

ዚክራ ጭኔ ላይ ወጣች። በትንንሽ ጣቶቿ ከንፈሬን ፈልቅቃ አፌን ከፈተች። ጎንበስ ብላ ወደ ውስጥ አየች... ብዙ ቆየች።

ከዚያ ፈገግ ብላ የራሷን ምላስ አወጣችልኝ።

ልሙጥ ነበር። እንደ ጥፍር።