ስሙ ሲጠራ ያልመለሰው

የበእውቀቱ ሬሳ ላሊበላ አጠገብ ባለችው ብልባላ ከውሃ ፓምፑ ሥር እንደተደፋ ነው። የሞተሩ ቺንጋ፣ ያ የሚሽከረከር ቀበቶ፣ ክንዱን ይዞ ጎትቶታል። ደጅ ላይ አጎቶቹ ጠመንጃቸውን ታቅፈው በሩን ከበዋል። የሚጠብቁት ኤሌክትሪሺያኑ ደሳለ እስኪወጣ ነው። እሱ እጁ በካቴና ታስሮ ከፓምፑ ቤት ጥግ ተቀምጧል። ኢንስፔክተር ባንቺዓለም ስትደርስ ወዲያው የገባት ይኸው ነበር፤ እስኪመሽ እውነቱን ካላወጣች ደሳለ ላሊበላን በሕይወት አያያትም።

«ደግሞ ምን ምርመራ ያስፈልገዋል?» አሉ የሟቹ አባት መሪጌታ ገብረ ዮሐንስ። «ትናንት ተጣልተዋል። ሞተሩን የቀሰቀሰው እሱ ነው!»

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው፣ የኔታ» አለች። ወደ ደሳለ ዞረች። «ማብሪያውን ነካህ?»

«በማርያም አልነካሁም! ‹ላጥፋው?› ስለው ‹ተወው፣ እረፍት ላይ አድርጌዋለሁ› አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ሞተሩ በራሱ ተነሣ።»

«እረፍት ደግሞ ምንድን ነው?»

የመለሰችላት ከሟቹ ጋር የፓምፑን ፕሮግራም የጻፈችው ሰብሌ ናት። «ታንከሩ ሲጎድል ምን እንደሚያደርግ ለፕሮግራሙ አስቀድመን እንነግረዋለን። የምንጽፍበት ቋንቋ ግን ሥራውን ራሱን አይቀበልም፤ ስሙን ብቻ ነው። ጊዜው ሲደርስ በስሙ ይጠራዋል። ‹ሳብ› ካልነው ውሃ ይስባል፤ ‹እረፍት› ካልነው ሞተሩ አይነሣም።»

«በዚያ ስም የሚጠራ ባይገኝስ?»

«ወደ ልማዱ ይመለሳል። ይስባል።»

ባንቺዓለም ስሙ የተጻፈባቸውን ቦታዎች ሰብሌን በኮምፒውተሩ ላይ አስከፈተቻት። ደሳለ የተናገራትን ያቺን የእረፍት ቃል እሱም፣ ሰብሌም፣ መሪጌታም በእጃቸው ጽፈው እንዲፈርሙ አደረገች። ወረቀቶቹን ከኮምፒውተሩ ጎን ዘርግታ ስታስተያይ ቆየች። ከዚያ አጎቶቹን ሳይቀር ሁሉንም ወደ ውስጥ ጠራች። ወይ እዳ! እንዲህ ያለውን ምርመራ ለጠላትም አይስጠው።

«ሞተሩን የቀሰቀሰው ፕሮግራሙ ነው» አለች። «በእውቀቱ ሥራውን ሲሰይም ‹እረፍት› ብሎ በአልፋው እ ጽፏል። ጥሪው ላይ ግን ‹ዕረፍት› ይላል፣ በዐይኑ ዕ። ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለማሽኑ ግን ሁለት ሰው ናቸው። በዐይኑ ቢጣራ የሚመልስለት አጣ፤ ወደ ልማዱ ተመለሰና ሳበ። ኮምፒውተሩ እንደመዘገበው ጥሪው የተነካው ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ደሳለም ሰብሌም በአልፋው ጽፈዋል። በዐይኑ የጻፈ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

መሪጌታ ወረቀታቸውን አዩት። ስንቱን ደቀ መዝሙር ፊደል ባስቆጠሩበት ጣት ዐይኑን ዕ ነኩት።

«‹አባ፣ እስቲ ስሞቹን ይዩልኝ› ብሎኝ መፍቻ ሊያመጣ ወጣ። ግድፈት አየሁ። ተማሪ ሲሳሳት መቼ ዝም ብዬ አውቃለሁ? አረምኳት። ጣቴን ይዞ መተየብ ያስተማረኝ እኮ እሱ ነው! ሌላም ቦታ በአልፋው መጻፉን በምን ልወቅ?»

ሰብሌ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አጎቶቹ አፈሙዛቸውን ዝቅ አደረጉ። ባንቺዓለም የደሳለን ካቴና ፈታች። ደሳለ ግን አልሄደም፤ ሽማግሌው ሲንገዳገዱ ብብታቸውን ይዞ ደገፋቸው።

«ልጄ» አሏት መሪጌታ ቀና ብለው፣ «ፊደሏን ተሳስቼ ነበር?»

ያን ጊዜ መዋሸት አማራት፤ አልሆነላትም።

«አልተሳሳቱም፣ የኔታ። ትክክሉ የእርስዎ ነው።»