ያልተጫረው ቢጫ ሽፋን

የእንግዳ ማረፊያው አትክልተኛ ጋሽ ለገሰ የወደቀው ጠርዙን ቀጥ አድርጎ ሲቆርጠው ከነበረው ሣር ላይ ነው። ኢንስፔክተር የሺሃረግ ስትደርስ አስከሬኑ ሆስፒታል ነበር። ግቢው ውስጥ የቀረው ዝናብ የሚያጥበው ደም፣ አንድ እግር የላስቲክ ጫማና ሣር ይቆርጥበት የነበረው ማሽን ብቻ ነበር። ቦንጋ ደግሞ ለወሬ ማን ብሏት! ነገሩ ፖሊስ ጣቢያ ሳይደርስ ገበያ ደርሶ፣ እዚያው ተፈርዶበት አልቋል፦ «ደጉ ነው የገደለው!»

ደጉ መናኸሪያው አጠገብ ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው። ማሽኑ በቤንዚን የሚሠራ የሣር ጠርዝ መቁረጫ ሲሆን፣ የውጭ ሰዎች ሲሄዱ ለማረፊያው የተዉት ነው። እንደ ጋሪ እየተገፋ፣ ከሥሩ የሚሽከረከረው ምላጭ የሣሩን ዳር ይከረክማል። ምላጩ አልቆ ሲደንዝ መለዋወጫ ከጅማ እስከ መርካቶ ተፈልጎ ጠፋ። ደጉ ከአሮጌ ላንድክሩዘር ባሌስትራ፣ ከመኪናው የሞላ ብረት፣ ቆርጦ፣ ሞርዶ፣ ምላጭ ሠራለት። ያ ምላጭ ነው ለሁለት ተሰብሮ፣ ግማሹ ተፈናጥሮ የለገሰን እግር ከቁርጭምጭሚቱ በላይ የበጠሰው። ሰውየው ሆስፒታል ሳይደርስ ደሙ አለቀ። ደጉ ወዲያውኑ ታሰረ።

የማረፊያው ሥራ አስኪያጅ አቶ ነቢዩ ጃንጥላውን ይዞ ከኋላዋ ቆሟል። ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ፣ ከረባቱ በዝናብም የማይላላ ሰው ነው።

«ኢንስፔክተር፣ ኬዙ ግልጽ ነው» አላት። «የሚሊኒየሙ በዓል እንግዶች ሊመጡ ነው። ሪፖርቱ ቶሎ ቢያልቅልን።»

«ይቸኩላሉ፣ አቶ ነቢዩ። ሟቹ እኮ ገና አልተቀበረም።»

ሰውየው ጃንጥላውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። የሺሃረግ ጭቃው ላይ ተንበረከከች። በቀሪው የምላጭ ስባሪ ላይ ጎበጥ ያለ ቢጫ የብረት ሽፋን ታስሯል። ጣቷን ወደ ውስጥ ሰድዳ ጠርጋ አወጣችው። ከዚያ ጣቷን አየችው።

«ይሄ ሽፋን ሁልጊዜ እዚህ ነው የሚውለው?»

«ሁልጊዜ! የደኅንነት ጉዳይ አይደለም እንዴ!»

«ቀለሙ እንዴት ያምራል እባክዎ» አለችና ተነሣች።

ከዚያ ወደ ስቶሩ ሄደች። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ እትዬ ዙፋን ዐይናቸው በለቅሶ አብጦ ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። ለገሰን መጀመሪያ ያገኙት እሳቸው ናቸው፤ እስከ ሆስፒታል አብረውት ሄደዋል። የስቶሩን ቁልፍ በጥቁር ጠፍር አንገታቸው ላይ እንደሚያስሩ ያልሰማ የቦንጋ ሰው የለም። «ዙፋን ባሏን ትረሳለች እንጂ ቁልፏን አትረሳም» እየተባለ ይቀለድባቸዋል። ዛሬ ቁልፉ የተንጠለጠለው በሲባጎ ነው።

«እትዬ ዙፋን፣ ይህን ቁልፍ ሌላ ሰው ይይዘዋል?»

«ኧረ በስመ አብ! ከአንገቴ ወርዶም አያውቅ።»

የሺሃረግ ሲባጎውን አየች። ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ካርቶን አስወረደች። በዘይት ወረቀት የተጠቀለለ፣ እሳት የመሰለ አዲስ ምላጭ ወጣ። ከጎኑ አንዲት ትንሽ መፍቻና የተጨማደደ ጋዜጣ ነበር። ጋዜጣው ውስጥ የተጠቀለለ ነገር የለም፤ ግን እንደ ግማሽ ጨረቃ የጎበጠ የግራሶ ቅባት ምልክት ታትሞበታል።

«ይሄ ምላጭ የማነው?»

«የ... የማሽኑ ነው። በስንት ፍለጋ ከአዲስ አበባ የመጣ።»

«ምላጩ መጥቶ ነበር? ታዲያ እዚህ ምን ይሠራል?»

እትዬ ዙፋን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ለእንግዶቹ ቀን ተብሎ ነው የተቀመጠው» አሉ፣ ድምፃቸው እየጠፋ።

የሺሃረግ ፊቷ ጋለ። እሷም ቤት እኮ ቡፌው ውስጥ እንግዳ የሚጠብቅ ብርጭቆ አለ፤ ልጆቿ ዛሬም ውሃ የሚጠጡት በተሸረፈ ኩባያ ነው። ሰው ይህን ቢያይባት መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጥ ነበር።

ጣቢያ ስትመለስ ደጉ ጥግ ይዞ አቀርቅሯል።

«ብረቱ የእኔ ነው፤ አልክድም» አለ። «ባሌስትራ ከጠነከረ ይሰበራል፤ አውቃለሁ። ለዚህ ነው ያለ ሽፋን እንዳትነኩት ያልኩት። ቢሰበርም ሽፋኑ ይይዘዋል ብዬ!»

«ስትገጥመው ሽፋኑ ነበረበት?»

«እንዴታ! ሽፋኑን አልነካሁትም፤ እጄን በጎኑ አሾልኬ የምላጩን ማሰሪያ ዳዶ ነው ያጠበቅኩት። እሱም በፒንሳ፤ ዳዶውን ላጥኩት። ማሽኑ በኢንች ነው የተሠራው፤ የኔ መፍቻ ሁሉ በሚሊሜትር ነው።»

«በኢንች የሆነ መፍቻ ቦንጋ ውስጥ የለም?»

«አንድ አለ፤ ከማሽኑ ጋር የመጣው። ለምኜ አልሰጡኝም። ስቶር ነው፣ በክብር።» እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። «ኢንስፔክተር፣ ልጆቼን ትምህርት ቤት "የነፍሰ ገዳይ ልጆች" ብለዋቸው አልቅሰው መጡ። እኔ ብታሰርም ግድ የለም። እነሱ በምን ዐይናቸው ሰው ይዩ?»

ነገ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ከዚያ በኋላ ስሙን የሚያነጻለት እንደማይኖር የሺሃረግ ታውቃለች፤ ትንሽ ከተማ አንዴ ያጠቆረውን አያነጣም።

ለቅሶ ልትደርስም ልታይም ወደ ለገሰ ቤት ወጣች። ሚስቱ ኮከብ መደብ ላይ ተቀምጣለች። ከአልጋው ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ወፍራም የቆዳ ቦት ጫማ አፍንጫውን አውጥቷል።

«ማረፊያው የሰጠው ነው» አለች ኮከብ፣ ዐይኗን ተከትላ። «አንድ ቀን እንኳ ሳያደርገው! በጭቃ አትጨርሰው፣ ለበዓሉ ታምርበታለህ አልኩት። እሺ አለኝ፤ መቼ እምቢ ብሎኝ ያውቃል?»

የሺሃረግ ጫማውን አየች። ከቁርጭምጭሚት በላይ ይደርሳል፤ ቆዳውም ጣት የሚያክል ነው። የኮከብን ጉልበት ስማ ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት፣ ደጉ ፍርድ ቤት ከመቅረቡ በፊት፣ ሁሉንም ማረፊያው ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ሶፋዎቹ ለእንግዶቹ የተገዙ ናቸው፤ ፕላስቲካቸው ገና አልተነሣም። የተቀመጠው ሁሉ በተነቃነቀ ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ደጉን በካቴና አስገቡት። ኮከብ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። የሺሃረግ ማሽኑን መሐል ወለሉ ላይ አስቀምጣዋለች።

«በሽፋኑ ልጀምር» አለች። «አቶ ነቢዩ ሁልጊዜ እዚሁ ነው የሚውለው ብለውኛል። ሲሠራ የዋለ ሽፋን ሆዱ የሣር ጭማቂና ጭቃ ይለጠፍበታል። እኔ ስጠርገው ጣቴ ላይ የወጣው ግን ብረት ሲቀመጥ እንዳይዝግ የሚቀባ ግራሶ ነው። ምላጭ ተሰብሮ ከውስጥ ተፈናጥሯል ይባላል፤ ግን ሽፋኑ አልተበሳም፣ አልጎደጎደም፣ ቀለሙም አልተጫረም። ታዲያ ብረቱ በየት ወጣ? በመጽሐፍ ቅዱስ ተአምር?»

ጎንበስ ብላ የሽፋኑን ብሎን በጣቷ ነካች።

«ለገሰ ሲሠራ ሽፋኑ አልነበረም። ከሞተ በኋላ ነው የታሰረው። የምላጩ ዳዶ በደጉ ፒንሳ ተልጧል፤ የሽፋኑ ብሎን ግን ጫፉ እንኳ አልተነካም። ልኩን መፍቻ የያዘ ሰው ነው ያሰረው። መፍቻው ያለው ስቶር ነው። የሽፋኑ ቅርጽም ስቶር ያለው ጋዜጣ ላይ ታትሟል።»

ሁሉም ወደ እትዬ ዙፋን ዞሩ። ሴትየዋ አንገታቸው ላይ ያለውን ሲባጎ ጨበጡ።

«አይዞዎት» አለች የሺሃረግ፣ ከኪሷ ደም የደረቀበት ጥቁር ጠፍር እያወጣች። «ይህን ከለገሰ እግር ላይ የፈቱት ነርሶች ናቸው። ደሙ እንዲቆም ጠፍርዎን ከአንገትዎ በጥሰው አሰሩለት። ታዲያ ቁልፉ የት ወደቀ?»

«ሣሩ ላይ» አሉ እትዬ ዙፋን፣ እያለቀሱ። «ስመለስ አቶ ነቢዩ ሰጡኝ። ሽፋኑ ታስሮ ሳየው ገባኝ። ግን ምን ብዬ ልናገር? ምላጩን ቆልፌ የያዝኩት እኔ! ስንቴ መጣ ለገሰ፣ "እትዬ ዙፋን፣ አዲሱን ስጪኝ፣ ይሄ ይንቀጠቀጣል" እያለ። "ለእንግዳ ነው፣ ታገሥ" እያልኩ መለስኩት። አፈርኩ! አፍሬ ነው ዝም ያልኩት!»

«ሽፋኑንስ ማን አስፈታው?»

ሶፋው ተንኮሻኮሸ። አቶ ነቢዩ ከረባቱን ነካ፤ ከዚያ እጁ ወደቀ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ቀለሙ እንዳይጫር ብዬ። እንግዶቹ ማሽኑን ይጎበኙታል፤ ፎቶ ይነሣል። እስከዚያ... እስከዚያ ምን ይሆናል ብዬ ነው እንጂ... እኔ ሰው አልገደልኩም!»

«አልገደሉም» አለች የሺሃረግ። «ሰው ደሙ እየፈሰሰ መኪና ሲሳፈር ግን እርስዎ መፍቻ ፍለጋ ሄዱ። ሞቱን በብሎን ጠፍረው ደጉ ላይ አሰሩት። ስለዚህኛው ዳኛ ፊት ይጠየቃሉ።»

ሰውየው አንገቱን ደፋ። የደጉ ካቴና ተፈታ። የሺሃረግ ሥራዋ ያለቀ መስሏት ጠፍሩን ስትጠቀልል፣ ኮከብ ከበሩ አጠገብ ተነሣች።

«እንግዲህ ሁሉም ለበዓሉ ብሎ ነው ያስቀመጠው» አለች፣ ቀስ ብላ። «ምላጩንም። ሽፋኑንም።» ፊቷ አመድ መሰለ። «እኔም ጫማውን።»

እትዬ ዙፋን ወደ ግድግዳው ዞሩ።

«ኢንስፔክተር፣ ያ ቦት እግሩ ላይ ቢሆን ኖሮ ይተርፍ ነበር?»

የሺሃረግ በምርመራ ዘመኗ ውሸት ስታሳድድ እንጂ ስትናገር የሰማት የለም። «አይተርፍም ነበር» አለች፣ ወለሉን እያየች። ድምፅዋ አሳበቀባት። ኮከብ አላመነቻትም፤ ወደ ደጉ ዞረች።

«ደጉ፣ አንተ ብረት ታውቃለህ። በልጆችህ ንገረኝ።»

ደጉ በካቴና የተላጠ የእጁን አንጓ እያሸ ቆሞ ነበር። የበሩ መንገድ ክፍት ነው፤ ስሙም ገና አሁን ነጽቷል። ኮከብን አየ፣ የተሰበረውን ምላጭ አየ።

«ባሌስትራ ነው፣ እትዬ ኮከብ» አላት። «እኔ ያበጀሁትን ብረት ቆዳ አያቆመውም። ጥፋቱ የብረቱ ነው፤ ብረቱም የእኔ።»

ይህን ብሎ አንገቱን እንደገና ደፋ፤ ኮከብም ቀርባ እጁን ይዛ ማልቀስ ጀመረች።