ዝም ያለው ሬዲዮ

መንገዱ ለሁለት የተከፈለበት ቦታ ሲደርሱ ኮምፓስ ካርታውን ዘርግታ ፊቷን ሸፈነችበት። ግንባሯን ቋጠር፣ ከንፈሯን ነከስ አድርጋ ለሚያያት ሰው ከካርታው ጋር ጥብቅ ወሬ የያዘች ትመስላለች። ዓይኖቿ ግን በካርታው ጠርዝ በኩል ሾልከው የመምህሩን ጫማ ነበር የሚያዩት።

«በቀኝ ይመስለኛል» አለችና በቀኙ መንገድ ጥቂት ተራመደች።

ከኋላዋ መምህሩ ቆሙ። ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር ማሰር ጀመሩ።

«ቆይ፣ ቆይ! ካርታውን ገልብጬ ይዤው ነው። በግራ ነው!»

ወደ ግራው መንገድ ስትዞር መምህሩ ቀና አሉ። ዱላቸውን ወዝወዝ እያደረጉ ያቺን የማታልቅ ዜማቸውን በአፍንጫቸው ያንጎራጉሩ ጀመር። ኮምፓስ በረጅሙ ተነፈሰች።

«አንቺ ልጅ ግን ጉድ ነሽ!» አለ ምሰሶ። ምሰሶ የቡድኑ ረጅም ነው፤ ድንኳኑን የተሸከመውም እሱ ነው። «እንዴት ነው የምታውቂው? እኔ እኮ ያንን ወረቀት ሳየው የተተረተረ ሹራብ ነው የሚመስለኝ።»

ለኮምፓስም የሚመስላት የተተረተረ ሹራብ ነበር። ይህን ግን ለማንም አልተነፈሰችም።

ስሟም ቢሆን ኮምፓስ አልነበረም። ዛሬ ጠዋት መንታ መንገዶቹን አንድም ሳትስት ስላለፈች ይህን ስም ያወጣችላት ሚጢጢ ናት። ሚጢጢ የልብ ጓደኛዋ ናት፤ በቁመት ከተሸከመችው ቦርሳ ብዙም አትበልጥም።

ትምህርት ቤታቸው ውስጥ የወጣቶች የስኬት ሽልማት የሚባል ፕሮግራም አለ። እንደ ፈተና አንደኛና ሁለተኛ የሚባል ነገር የለውም። ተማሪው አንድ ሙያ ይማራል፣ ሰፈሩን በአንድ ነገር ያገለግላል፣ ስፖርት ይሠራል፤ በመጨረሻም በቡድን ሆኖ ካርታ እያነበበ በእግሩ ይጓዛል። አራቱንም የጨረሰ ሜዳሊያ ያገኛል። የኮምፓስ ታላቅ ወንድም ያገኘው ሜዳሊያ ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቅሏል። እናቷ እንግዳ በመጣ ቁጥር አቧራ ባይኖርበትም ትወለውለዋለች። ስለዚህ «ካርታ ማንበብ የሚችል አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ የኮምፓስ እጅ ከሐሳቧ ቀድሞ ብድግ አለ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የእሷ ደግሞ እጇ ነው ያመለጣት። ወንድሟ የቻለው ነገር በደም ይተላለፋል ብላ ሳታስብ አልቀረችም።

የጉዞው ሕግ ግልጽ ነበር። አብሯቸው የሚሄደው መምህር ይከተላል እንጂ አይመራም። አደጋ ካልመጣ በቀር፣ መንገድ ቢስቱ እንኳ፣ ቃል አይተነፍስም። ይህ ሕግ ለማን ደረሰ? ለሒሳብ መምህሩ! ተማሪው ሁሉ ከጀርባቸው «ሬዲዮ» ነው የሚላቸው፤ አንዴ ከተከፈቱ የሚዘጋቸው የለም። ስለ ሦስት ማዕዘን ጀምረው ስለ ጎረቤታቸው ድመት የሚጨርሱ ሰው ናቸው። ዛሬ አፋቸው ሲዘጋ ወሬው መውጫ አጣና በእግራቸውና በአፍንጫቸው ይወጣ ጀመር። ልጆቹ ሲሳሳቱ ክር ያስራሉ፤ ልክ ሲሆኑ ያንጎራጉራሉ። ከኮምፓስ በቀር ይህን ያስተዋለ የለም፤ እሳቸው ራሳቸው እንኳ የሚያውቁት አይመስልም። መጀመሪያ ስትደርስበት እንዴት እንደደነቃት! ሰው አፉን ዘግቶ ይህን ያህል ያወራል?

ለምሳ አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር አረፉ። መምህሩ ራቅ ብለው ተቀመጡ። ምሰሶ በአንድ እጁ ዳቦ ይዞ በሌላው ካርታውን ጭኑ ላይ ዘረጋው።

«እስኪ አስተምሪኝ። እዚህ ጋ መስመሮቹ ለምንድን ነው እንዲህ የተጠጋጉት?»

ኮምፓስ ዳቦዋን ቶሎ ቶሎ አላመጠች። «እ… እርሻ ነው። የታረሰ መሬት ስለሆነ።»

«አሃ!» አለ ምሰሶ፣ አምኗት።

ሚጢጢ ሰማይ ሰማይ እያየች ነበር። «ፀሐይ ሳትጠልቅ ድንኳን የምንተክልበት ሐይቅ ዳር እንደርሳለን አይደል? ካልደረስን ጉዞው አይቆጠርም። እናንተ በሚቀጥለው ዓመት ትደግሙታላችሁ፤ እኔ ግን…»

የቀረውን ሁለቱም ያውቁታል። ትምህርት ሲዘጋ ቤተሰቧ ወደ ሌላ ከተማ ይዛወራል፤ እዚያ ያለው ትምህርት ቤት ደግሞ ይህ ፕሮግራም የለውም። አባቷ «ቤት እያለ ድንኳን ውስጥ ማደር ምን የሚሉት ጣጣ ነው?» ብለው አሻፈረኝ ብለው ነበር። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ሆነና በመጨረሻ ፈቀዱላት።

«እንደርሳለን» አለች ኮምፓስ። 

ከምሳ በኋላ «እርሻው» መጣ። እርሻ አልነበረም። መንገዱ ሽቅብ ተገትሮ ጠበቃቸው። ምሰሶ ድንኳኑን እየረገመ፣ ሚጢጢ በእጇ ጭምር እየቧጠጠች ዳገቱን ተያያዙት። መሃሉ ላይ ኮምፓስ ትንፋሽ አጥሯት ቆመች። ማረፏ እንዳይታወቅባት ካርታውን አወጣች። መስመሮቹ እዚህ ጋ ተጣብቀዋል ማለት ይቻላል። እግሯን አየች። መስመሮቹን አየች። እንደገና እግሯን።

መስመሮቹ ሲጠጋጉ ትንፋሽ ያጥራል!

ሹራቡ በአንዴ ተራራ ሆነ። በጣቷ የመጡበትን መንገድ ወደ ኋላ ተከተለች። መስመሮቹ የተራራቁበት፣ ያ ጠዋት እየሳቁ ያቋረጡት ሜዳ ነው። ይቺ ሰማያዊ ክር ጫማቸውን ያራሰችባቸው ወንዝ ናት። ቀኑን ሙሉ እጇ ላይ የነበረ ወረቀት ገና አሁን አፍ አወጣ። ከዳገቱ ወዲያ ያለው ነገር ካርታው እንደሚለው መሆኑን ለማየት ቸኮለች፤ ድካሟንም ረሳችው።

አናቱ ላይ መንገዱ እንደገና ለሁለት ተከፈለ። የቀኙ ሰፊና የተረገጠ ነው። የግራው ቀጭን ሆኖ ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባል። ኮምፓስ ካርታውን ዘረጋች፤ በዚህኛው ጊዜ ከምሯ ነው። የግራው ይመስላል። ግን ገና ጣቷ ሐይቁ ጋ ሳይደርስ፣ ሳታስበው ጆሮዋ ወደ ኋላ ተቀስሮ አገኘችው። መልሱ ከመጽሐፉ ጀርባ ተጽፎ እያለ ጥያቄውን እስከ መጨረሻው የሚያስብ ማን ነው? በራሷ ተናደደች። ይህን ነገር ለብቻዋ ማወቅ እንዴት እንደሚመስል ለማየት ጓጉታለች፤ ከኋላዋ ግን ያ ዜማ አለ።

«ስሙኝማ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አንድ ነገር ልንገራችሁ።»

ስለ ጫማው፣ ስለ ዜማው፣ ካለ ችሎታዋ ስላነሳችው እጅ ሁሉንም ነገረቻቸው። ፊቷ በእፍረት ጋለ።

ምሰሶን ሳቁ አመለጠው። «ታዲያ እርሻውስ?»

«ምን እርሻ አለ? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ይኸው ተፈታ።»

ሚጢጢ አልሳቀችም። «ታዲያ አሁንም እዪያቸዋ! ምን ቸገረሽ? ፀሐይዋን አታዪያትም እንዴ?»

«አሁን ማንበብ የጀመርኩ መሰለኝ። እውነት መሆኑን ማወቅ ፈልጌ ነው። ካልፈለግሽ ግን አላደርገውም። የምትጎጂው አንቺ ነሽ።»

ሚጢጢ ጀርባዋን ሰጠቻት። ኮምፓስ ፈራች፤ ከመንገዱ ይልቅ ጓደኛዋን ያጣች መሰላት። ሚጢጢ ግን ቦርሳዋን መሬት ላይ ጣል አደረገችና ተመለሰች።

«አምጪው» አለች። «እኔም ልየው።»

ሦስቱም ካርታው ዙሪያ ተንበረከኩ። ኮምፓስ ስለ መስመሮቹ ነገረቻቸው። ሚጢጢ አንገቷን ደፍታ ብዙ አየችና ጣቷን አንድ ምልክት ላይ አሳረፈች። «ይሄ ድንጋይ የሚፈለጥበት ቦታ አይደል? ሰፊው መንገድ እኮ ወደዚያ ነው የሚሄደው። ሰፊ የሆነው መኪና ስለሚመላለስበት ነው።»

«የቆምነው እዚህኛው መንታ ላይ ከሆነ ነዋ!» አለ ምሰሶ። «ይኸው፣ ወረድ ብሎ ሌላ መንታ አለ።»

ሦስቱም ሁለቱን መንታዎች በጣታቸው አስተያዩ። ከኋላቸው መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሚጢጢ ሳትዞር ሁለት ጆሮዋን በመዳፏ ደፈነች።

«አባቴ ሲጠይቀኝ ምን ልበለው?» አለች። «የቲቸርን ጫማ እያየን ደረስን ልበለው? ሂጂ፣ ራቅ ብለው እንዲከተሉን ንገሪያቸው።»

ኮምፓስ ወደ መምህሩ ሄደች። ዓይናቸውን ማየት አቃታት።

«ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና… ትንሽ ራቅ ብለው ይከተሉን? ጫማዎን እንዳላይ። ሲያንጎራጉሩም እንዳልሰማ።»

ሬዲዮ አፋቸውን ከፈቱ። ሕጉ ትዝ ሲላቸው መልሰው ገጠሙት። ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አዩ፤ ክሩ ከጠዋት ጀምሮ ደህና እንደታሰረ ነው። ቀስ በቀስ ገባቸው መሰለኝ፣ ፊታቸው ላይ እፍረትና ሳቅ ተራ በተራ መጡ። አንዲት ቃል ሳይወጣቸው አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ ጀርባቸውን ሰጡ፣ በእጃቸውም «ሂዱ» የሚል ምልክት አሳዩ።

ሚጢጢ ያሳየችውን ምልክት አምነው በግራው ቀጭን መንገድ ገቡ። ፀሐይዋ ዘንበል ብላለች። የኮምፓስ አንገት ወደ ኋላ ዙሪ ዙሪ ይላታል፤ አልዞረችም። ብትዞርም ከቁጥቋጦ በቀር የሚታይ የለም፤ ዜማውም ጠፍቷል።

«ቀጥሎ ምን ይመጣል?» አለ ምሰሶ።

ኮምፓስ ካርታውን አየች። «መስመሮቹ ይራራቃሉ። መንገዱ መስተካከል አለበት።»

«ካልተስተካከለስ?» አለች ሚጢጢ በቀጭን ድምፅ።

ኮምፓስ ካርታውን ሁለቱም እንዲያዩት አድርጋ አንዱን ጫፍ ለሚጢጢ ሰጠቻት። ሚጢጢ ያዘችው። መንገዱ ትንሽ ሽቅብ ይላል፤ ከዚያ ይጠመዘዛል። የመስመሮቹን እውነት እግራቸው እስኪነግራቸው ድረስ ተጠጋግተው ተራመዱ።