አሥር ደቂቃ ቀድመው

«ሚጡ! የጋሼ መስኮት ክፍት ነው፤ ዝናቡ ገባ!»

እናቷ ከልብስ ስፌት መኪናዋ ሳትነሣ ነበር የጮኸችው። ሚጡ ጫማዋን በቅጡ ሳታጠልቅ ግቢውን አቋርጣ ሮጠች። የተከራዩ ክፍል በር ገርበብ ብሏል። ነፋሱ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ወረቀት ወለሉ ላይ በትኖታል። መስኮቱን ዘግታ መልቀም ጀመረች። አንዱን ስታነሣ ያ የምታውቀው ደልዳላ የእጅ ጽሑፍ ዓይኗ ውስጥ ገባ፦ «አራተኛ፤ አንድ በርሜል በሁለት ቧንቧ ሲሞላ... ሃያ ነጥብ።»

ቶሎ ቀና ብላ ግድግዳውን አየች። ምን ዋጋ አለው? ዓይን ያየውን መልሶ አይተፋም። ወረቀቱን ገልብጣ ደረደረችና መጽሐፍ ጭናበት ወጣች።

«ረጠበ እንዴ?» አለች እናቷ።

«ደርሼበታለሁ።»

ያ ክፍል ዛሬ የጨርቅ ማስቀመጫ ሆኗል። ያኔ ግን የጋሼ ነበር፤ የሚጡ የሂሳብ መምህር። ግቢው ውስጥ ጋሼ ናቸው፤ የእናቷን ካውያ ይጠግናሉ፣ አመሻሽ ላይ ከሚጡ ጋር በቆርኪ ዳማ ይጫወታሉ፣ ሲሸነፉ «ዓይኔ ደክሞ ነው እንጂ!» ይላሉ። ከግቢው በር ወዲያ ግን መምህር ናቸው። ጠዋት ከእሷ አሥር ደቂቃ ቀድመው ይወጣሉ። «ለምን አብረን አንሄድም?» ብላ ብትጠይቃቸው፣ «ሌላው ተማሪ ከማን ጋር ይምጣ?» አሏት። ተቀይማ ሦስት ቀን ዳማ እምቢ ብላቸው ነበር።

ቤቱን የተከራዩ ዕለት ለእናቷ ያሉትንም ሰምታለች። «እትዬ፣ የልጅቷ ፈተና ላይ ጥላ የሚያጠላ ነገር ከመጣ፣ ሻንጣዬን አነሣለሁ። እንዳይቀየሙኝ።»

ዝናቡ በዘነበ ማግሥት ትምህርት ቤት፣ የክፍል ጓደኛዋ ራዲዮ ጀመራት። ራዲዮ ያሉት አፉ ስለማይዘጋ ነው።

«ሚጡዬ፣ የፈተናው ጥያቄ ከሻይ ጋር ነው የሚቀርብልሽ ወይስ ለብቻው?»

ሌላ ጊዜ «ከብስኩት ጋር ነው፤ ቀረብህ!» ትለው ነበር። ያን ቀን ግን ደብተሯን ገልጣ አቀረቀረች።

ማታ ጋሼ ቆርኪዎቹን ደርድረው ጠበቋት። ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። ሻንጣው ከአልጋው ሥር ታያት። «ቀዩ የኔ ነው» ብላ ተቀመጠች።

ዓርብ ፈተናው መጣ፤ አራተኛው ያው በርሜል ነው። ባታየውም ትሠራው ነበር፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው። «4» ብላ ጻፈች፤ ከሥሩ ግን ምንም አልጻፈችም። መምህሩ በወንበሮቹ መሀል ሲያልፉ አጠገቧ ቆም አሉ። ባዶውን ቦታ አዩ፤ አለፉ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ወረቀት ሲያርሙ ጠሯት።

«አራተኛዋን ምነው ተውሻት? ባለፈው ሰሌዳ ላይ የሠራሻት ዓይነት እኮ ናት።»

«ጊዜ አልቆብኝ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

«ዝናብ የዘነበ ቀን... መስኮትዎ ተከፍቶ፣ ወረቀቱ ወድቆ ነበር። አራተኛዋን ብቻ ነው ያየሁት። እውነቴን ነው።»

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠርዝ ጠረጉት። ጠርገውም አላደረጉትም።

«ለምን ያኔውኑ አልነገርሽኝም?»

«ይሄዳሉ ብዬ ነዋ... ሻንጣዎን ይዘው ይሄዳሉ ብዬ።»

ሳቅ ሊያመልጣቸው ሲል ያዙት። «በሩን ሳልቆልፍ የወጣሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ሰማንያሽ ግን ሰማንያ ሆኖ ይቀራል።»

«ይቅር።»

«እኔም ለእናትሽ ቃል አለብኝ።»

እናቷ «ኧረ በልጅ ነገር!» ብላ ለመነች፤ አልሆነም። ወሩ ሲያልቅ ሻንጣው በጋሪ ተጫነ። ጋሼ የተጀመረውን ዳማ እንዳለ፣ ቆርኪዎቹን ሳያናጉ አንሥተው ሚጡን አስታቀፏት።

«ተራው የማን ነው?»

«የእርስዎ።»

«ዓመቱ ሲያልቅ ተማሪዬ መሆንሽ ያበቃል። ያኔ መጥቼ እጨርሰዋለሁ። እንዳታጭበረብሪ!»

«ዓይንዎ እስኪያርፍ እጠብቃለሁ» አለች፣ ዳማውን ሳታዘነብል እንደያዘች።

ሰኞ ጠዋት ዘነበ። ሚጡ ደብተሯን በላስቲክ ጠቅልላ ስትወጣ፣ መታጠፊያው ላይ የጋሼ ጥቁር ጃንጥላ ከፊቷ ሲሄድ አየች። አዲሱ ቤታቸው ለካ በዚያው መንገድ ነው። ብትሮጥ ትደርስባቸዋለች። ራዲዮም ሆነ ሌላ ተማሪ በአካባቢው የለም።

አንድ የተዘጋ ሱቅ ቆርቆሮ ሥር ገባች። የጫማዋን ማሰሪያ ፈታች፤ ቀስ ብላ መልሳ አሰረችው። ከዚያ ሌላኛውን ፈታች።