የፎሟ አውሮፕላን ስትመለስ

ብሎኑ የሚሉት ሬዲዮ ጠጋኝና እኔ የምንለየው በአንድ ግድግዳ ነው። ከወዲህ የእኔ ልብስ ስፌት ቤት፣ ከወዲያ የእሱ ሱቅ። ስሙን ያወጡለት ሲሠራ ብሎን በከንፈሩ ይዞ ስለሚውል ነው። እኔም ስሰፋ ስፒል በከንፈሬ እይዛለሁ። እንግዲህ አፋቸው ብረት የሞላ ሁለት ሰዎች ምን ያወራሉ? ለዓመታት ሰላምታችን በአንገት ነበር።

አንድ ቀን አንዲት ርካሽ የልጆች አውሮፕላን ይዞ ገባ። የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ ከሚመጣው ነጭ ፎም የተሠራች፣ በእጅ ወርውረው የሚያንሳፍፏት ዓይነት ናት። ሞተርና ባትሪ ገጥሞ በሪሞት ሊያበርራት ነው። ለጭራዋ የምትዞርበት መሪ ቆርጦላት ሊያጣብቅ ሲሞክር ማስቲሹ ፎሙን አቅልጦታል።

«ማስቲሹ በላብኝ» አለኝ።

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግልህ፣ ቀሚስ ላልብሳት?»

«ክር ብትሰጪኝ ብዬ ነው።»

ክሩን አልሰጠሁትም። በእኔ ክር ሌላ ሰው ሲሰፋ ማየት አልወድም። ራሴ አንዴ በላይ አንዴ በታች እያቆላለፍኩ ሰፋሁለት። መሪዋ እንደ በር ወዲያና ወዲህ ማለት ጀመረች። በጣቱ ገፋ አደረጋት። ደግሞ ገፋት። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ መቀስ መፈለግ ጀመርኩ፤ መቀሱ እጄ ላይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሥራ ሲቀዘቅዝ ከሱቆቹ ጀርባ ወዳለው ሜዳ አብሬው መውጣት ለመድኩ። አውሮፕላኗ ስትሄድ ታምራለች። ጉዱ ስትመለስ ነው። ፊቷን ወደ እኛ ስታዞር ቀኝና ግራው ይገለባበጥበትና አጥር ላይ ይሰካታል። አፍንጫዋን በፕላስተር የምጠግነው እኔ ነኝ።

«መላክስ ማንም ይልካል» ይላል፣ «መመለሱ ነው የሚከብደው።»

በዚያው ሰሞን ታላቅ ወንድሜ ደወለ።

«እሑድ መኪና ይዤ እመጣለሁ። ቤቱን ልቀቂና እኛ ጋ ኑሪ። ብቻሽን እዚያ ምን ይዞሻል?»

ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም። «እሺ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። የያዘኝ ሰው አለ እንዳልል፣ ሰውየው አንድም ቀን አልተናገረም። እኔ ደግሞ ቀድሜ ከምናገር ምላሴ ይቆረጥ የምል ግትር ነኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሜዳው ላይ፣ «ነገ ወንድሜ መኪና ይዞ ይመጣል፤ ልሄድ ነው» አልኩት።

አውሮፕላኗን ወረወራት። ሩቅ ሄደች፣ ዞረች፣ ወደ እኛ መጣች። ሪሞቱ ላይ አውራ ጣቱ ወደ ተሳሳተው ጎን ሲሄድ አየሁ።

«አንተ ሰውዬ፣ ጀርባህን ስጣት።»

«ሳላያት?»

«እሷ ወደምታይበት ዙር፤ ያኔ ቀኛችሁ አንድ ይሆናል። እኔ እያየሁ እነግርሃለሁ። ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊት ቆሜ የሰው ቀኝ እጅ ስለካ የምውል ሴት ነኝ፤ ቀኝህ አይጠፋኝም።»

ዞረ። ከኋላው ቆሜ ስለነበር ጀርባው ለእሷ፣ ፊቱ ለእኔ ሆነ።

«ቀኝ። ትንሽ ቀኝ። ተው። አሁን ግራ።»

እጁ ያልኩትን ያደርጋል፤ ዓይኑ ግን ከፊቴ አልተነሳም። እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም።

«ነገ ስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?»

«ማን?»

«ወንድምሽ።»

«ረፋዱ ላይ። ግራ በል እንጂ።»

«እኔም እመጣለሁ።»

«ዕቃ ልትጭንልኝ?»

«ልጠይቀው።»

«ምን ብለህ?»

«አንቺን ስጠኝ ብዬ።»

ቀኝ ማለት ነበረብኝ፤ ሳልል ቀረሁ። የሆነ ነገር ከራሳችን በላይ እየጮኸ አለፈ።

«እሱን ምን አስጠየቀህ» አልኩት፣ «ባለጉዳይዋ እዚህ ቆማ።»

ጠየቀኝ። እሺ አልኩት። ዘወር ስንል አውሮፕላኗ ሣሩ ላይ በሆዷ ተኝታለች፤ አንድ ቦታዋም አልተሰበረም። ስታርፍ ሁለታችንም አላየናትም።

በማግስቱ ወንድሜ የጭነት መኪና ተከራይቶ መጣ። ደጃፌ ላይ ተጠጋግተን ቆመን ሲያየን ሞተሩን አጠፋና ዞሮ ባዶውን የመኪናውን ጀርባ አየ።

«ምነው ቀድመሽ ብትነግሪኝ» አለ በመጨረሻ፣ «ቢያንስ በትንሿ መኪናዬ እመጣ ነበር።»