ነጩ ሰማይ

ሽማግሌው ተመራማሪ ግንባራቸውን ጠረጴዛው ላይ እንደ ደፉ ሞተው ተገኙ። ከፊታቸው ባለው ስክሪን ላይ የሕዋ ቴሌስኮፕ ያነሳት ጎረቤት ጋላክሲ በሰማያዊና በወርቃማ ቀለም አሸብርቃ ትታያለች። ሐኪሙ በፔርሙዛቸው ውስጥ በቀረው ሻይ መርዝ አገኘ።

ሻዩን ያፈላችው ያሳደጓት የእህታቸው ልጅ ናት፤ ረዳታቸውም ነበረች። ፖሊሶቹ ካቴና ይዘው የመርማሪዋን ቃል ይጠብቃሉ። ልጅቷ አላለቀሰችም። እጆቿን የሌላ ሰው እጅ ይመስል ታያቸዋለች።

ፔርሙዙን እንደ ወትሮው ኮሪደሩ ላይ እንዳስቀመጠችው፣ ጋሼ ሻይ ሲያምራቸው ራሳቸው ወጥተው እንደሚያስገቡት ለመርማሪዋ ነገረቻት። እዚያ ደግሞ የማንም እጅ ይደርሳል።

«ሲሠሩ እንዴት ነበሩ?»

«ዝም ይላሉ።» አለች ልጅቷ፤ «ዓይናቸው ደክሟል። ደብዛዛ ኮከብ ለመለየት ምስሉን ይገለብጡታል፤ ሰማዩ ነጭ፣ ኮከቦቹ ጥቁር ይሆናሉ።»

ምክትላቸውም ይህንኑ አረጋገጠ። «ነፍሳቸውን ይማርና፣ ነጭ አንሶላ ላይ ቁንጫ ይለቅማሉ እያልን እንስቅባቸው ነበር። በቀለም ሲያዩ አንድ ቀን አላየሁም።» ሰሞኑን በዚችው ጋላክሲ ውስጥ ባለ አንድ የከዋክብት ስብስብ ላይ ችክ ብለው እንደነበርም አነሳ።

ሦስተኛው ተጠያቂ ምስሎቹን ቀለም የሚያለብሰው ባለሙያ ነው። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «ቀቢው» ይለዋል። ይህች ጋላክሲ ስሙን አስጠርታለታለች፤ ሥዕሏ በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ተሰቅሏል። ከምድር ቤቱ ማተሚያ ክፍል እንደማይወጣ፣ ሽማግሌው ስለሚንቁትም ቢሯቸውን ረግጦ እንደማያውቅ ተናገረ።

መርማሪዋ ሦስቱንም በሟቹ ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ሟቹ በቀለም አይሠሩም» አለች። «ስለዚህ ይህን ምስል የከፈተው ሌላ ሰው ነው፤ ሲሠሩ ድንገት የሞቱ ለማስመሰል። ልማዳቸውን የሚያውቅ ሰው ቢሆን ግን ሰማዩን ነጭ ያደርገው ነበር። ልጅቷ ታውቃለች። ምክትላቸው ያውቃሉ።» ወደ ቀቢው ዞረች። «እርስዎ ክፍሉን ረግጬ አላውቅም አሉኝ። እስከዚያች ቀን ድረስ እውነትዎን ነው።»

ከዚያ ምክትሉን ቴሌስኮፑ የላከውን፣ ቀለም ያልነካውን ጥሬ ምስል እንዲከፍት ጠየቀችው። ሟቹ ችክ ያሉበት ስብስብ በቀቢው ሥዕል ላይ ሰማያዊ ነው፤ ሰማያዊ ማለት ደግሞ ወጣት ከዋክብት ማለት ነው። በጥሬው ምስል ግን ሰማያዊ ብርሃን የለውም ማለት ይቻላል። ያረጁ፣ የቀሉ ከዋክብት ናቸው። ቀቢው ለውበት ሲል ወጣት አድርጓቸዋል። ሽማግሌው ይህን ደርሰውበታል፤ ሲሞቱም ስክሪናቸው ላይ የነበረው ጥሬው ምስል ነው፤ ገዳዩ የሸፈነውም እሱን ነው።

ፖሊሶቹ ከማተሚያ ክፍሉ ቁም ሳጥን የመርዙን ጠርሙስ ይዘው መጡ።

ቀቢው ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። «ራስህ ተሳስቻለሁ ብለህ አውጅ አሉኝ። ቀቢ መባሉን ችዬው ነበር።»

ካቴናው ለእሱ ሆነ። መርማሪዋ ልጅቷን ወደ ቤቷ እንድትሄድ ፈቀደችላት።

«ቤት ማን አለ?» አለች ልጅቷ።

ከአጎቷ ወንበር ተቀምጣ ምስሉን ገለበጠችው። ሰማዩ ነጣ፤ ኮከቦቹ ቁንጫ መሰሉ። ማንም አልሳቀም።